የሬቫ ካልሲ

በሕንድ አገር፣ አናንድ ከተማ ውስጥ፣ በግንቦት ሙቀት ውሻ እንኳ ጥላ ጥላውን ነው የሚሄደው። ሬቫ ግን ጥቁር ካልሲዋን ወደ ላይ ስባ በሰንደል ጫማ ትንጎራደዳለች። ለምን ሲሏት "ብርድ ይገባኛል" ትላለች፤ ሰፈሩም አመናት። እኔ አብሬያት ስላደግሁ ምክንያቱን አውቃለሁ። በሰባት ዓመታችን ኩሬ ዳር፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች።

ይህችው ሬቫ ሕፃን በተወለደ ቁጥር ቀድማ ደርሳ ጨርቁን እየገለጠች ትመረምራለች። እንከን ሳታገኝ ሻይ አትቀምስም።

ታናሽ ወንድሟ ኪሪትና ሚስቱ ጃግሩቲ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥተው ቆዩ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄዱና ፅንሱ በብልቃጥ ተጀምሮ ማህፀኗ ውስጥ ተቀመጠ። ወንድ ልጅ ወለደች። በግራ እጁ፣ ከትንሿ ጣት አጠገብ፣ ሽንብራ የምታህል ስድስተኛ ጣት አለችው።

"ይኸውላችሁ!" አለች ሬቫ ገልጣ እንዳየች። "በብርጭቆ የተበጠበጠ ልጅ እንዲህ ነው!"

ጃግሩቲ እህል አልወርድላት አለ። "እህት ቻምፓ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ትንሽ ብታገሥ ኖሮ..." እያለች እኔ ዘንድ ታለቅሳለች። ሐኪሟ፣ በዚህ መንገድ በሚፀነሱ ልጆች ላይ ጉድለት በጥቂቱ እንደሚበዛ፣ እንዲህ ያለች ጣት ግን ብዙ ጊዜ በዘር እንደምትመጣ ነግራት ነበር። ኪሪትም ዘመዶቹን አንድ በአንድ ጠየቀ።

"በእኛ ዘር? ምን ሲደረግ!" ብላ ሬቫ ጮኸች።

ደሜ ፈላ። መሐላው ግን አፌን ያዘው።

ስድስተኛው ቀን ደረሰ። ስም የምታወጣው የአባት እህት ብቻ ናት። በእኛ ሰፈር ደግሞ መጀመሪያ የልጁ እናት የአክስቲቱን እግር በወተት ታጥባለች።

"ጉንፋን ይዞኛል፣ እግሬ ይቅር" አለች ሬቫ።

ወተቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንግዲህ እጄ ከዳኝ፤ ሳህን ሙሉ ወተት ካልሲዋ ላይ ተደፋ።

"ዓይንሽ ይጥፋ፣ ቻምፓ!"

"ውይ እህቴን! ጉንፋኑ እንዳይብስብሽ!" ብዬ የግራውን ካልሲ መዠረጥኩት።

የተሰበሰቡት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። ጃግሩቲ የሬቫን የእግር ጣቶች ቆጠረች፣ ደግማም ቆጠረች፤ ስድስት ናቸው። እግሩን እቅፍ አድርጋ እንባዋን ለቀቀችው። እኔም አላስቻለኝም።

"ባል እንዳላጣ ብላ እናቴ ናት የሸፈነችልኝ" አለች ሬቫ ድምፅዋ ሰልሎ።

"ታዲያ የእኔ ጥፋት አይደለማ?" አለች ጃግሩቲ።

"የምን ጥፋት! ከእኛ ወገን ነው የወሰደው።"

ሬቫ የቀኙን ካልሲ በራሷ አወለቀችና ልጁን ተቀብላ ትንሿን ጣት ሳመች። ከዚያ አገላብጣ አየችው።

"ጣቱ የእኛ ነው" አለች። "ይህ የሰፋ ጆሮ ግን ከእናንተ ነው፣ ጃግሩቲ።"

ጃግሩቲ በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።