አራተኛው ሣጥን

ሰፈርተኛው «ፈጣኑ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት የሱቅ ማስታወቂያ በብሩሽ ይጽፍ በነበረበት ጊዜ ነው፤ የአንዱ ሰሌዳ ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን ይጀምር ነበር። ዘመን ሲለወጥ ብሩሹን ሰቅሎ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ፤ ለጋራዡም ለፀጉር ቤቱም ድረ ገጽ ሠሪ ሆነ። በኋላ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጣና ጭራሽ ክንፍ አበቀለለት። የሚፈልገውን በሁለት መስመር ይጽፍለታል፤ መሣሪያው ቀለም መርጦ፣ ጽሑፉን ጽፎ፣ የሰው ፎቶ እንኳ ሳይቀር ከየትም ፈጥሮ ያቀርብለታል። የእሱ ድርሻ አይቶ «ይሁን» ማለት ነው። ማየቱን አንዳንዴ ይዘለዋል።

ታላቅ እህቱ የሕፃናት ትምህርት ቤት አላት። ትምህርት ቤት መባሉ ለክብሯ ነው እንጂ ሦስት ክፍል ያለው የኪራይ ቤትና ግቢው ውስጥ አንድ ዥዋዥዌ ነው። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬም ፀጉሩ ሸብቶ «እቴቴ» ነው የሚላት። ስለዚህ ድረ ገጿን ሊሠራ ሲቀመጥ ከልቡ ነበር። ሰው ዓይን ውስጥ እንድትገባለት ፈልጎ ነበር።

መሣሪያው አራት ሣጥን ያለው ገጽ አወጣለት፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። እቴቴ ያላት ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ንባብ፣ ጨዋታና የቀን እንቅልፍ። አራተኛው ሣጥን ባዶውን አፈጠጠበት። ቢያነሳው ገጹ ወደ አንድ ጎን ያዘማል፤ እሱ ደግሞ ያዘመመ ነገር አይወድም። «ለትምህርት ቤት የሚስማማ ነገር ሙላበት፣ ፎቶም ጨምር» ብሎ አዘዘ። በብሩሹ ጊዜ ቦታ መያዝ ሲፈልግ በእርሳስ «እዚህ ጽሑፍ ይገባል» ብሎ ይሞነጭር ነበር፤ ያንን አይቶ የሚታለል ሰው የለም። አሁንም በኋላ እለውጠዋለሁ ብሎ አለፈው። የመሣሪያው ቦታ መያዣ ግን ቦታ መያዣ አይመስልም። ቁጭ እውነት ነው የሚመስለው።

እቴቴም እንደ ደንበኞቹ ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ አየች፤ የራሷን ፎቶና የስልክ ቁጥሯን።

«አፍንጫዬን ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያገዘፍከው?»

«እሱስ የአባታችን ሥራ ነው፣ እቴቴ፤ እኔ የለሁበትም።»

ተሳሳቁና ገጹ ወጣ። አራተኛውን ሣጥን ያነበበው ሰው አልነበረም፤ ከአንዲት እናት በቀር።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ጠዋት እቴቴ ደወለች። «የያዝከውን ጥለህ ና» አለችና ዘጋችው። እቴቴ ስልክ ላይ ወሬ የምታበዛ ሴት ናት፤ ዝም ብላ ስትዘጋ ነው ልቡ ድንግጥ ያለው።

ሲደርስ ቢሮዋ ውስጥ አንዲት ሴት ጉልበቷ ላይ ቦርሳ አቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ቆማለች፤ የደንብ ልብሷ አዲስ ነው፣ እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀም። ሴትየዋ እሱን ስታይ ፊቷ ፈካ።

«መምህሩ እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም፣ እህቴ» አለ።

ሴትየዋ ስልኳን ዘረጋችለት። አራተኛው ሣጥን ነው። «መስማት ለተሳናቸው ልጆች በምልክት ቋንቋ የሠለጠኑ መምህራን አሉን» ይላል። ከሥሩ አንዲት ወጣት መምህርት ፈገግ ብላ እጇን ወደ ልጆች አንሥታለች። ፈጣኑ ያን ጽሑፍ ያነበበው ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«ልጄ አትሰማም» አለች ሴትየዋ። «እኛ ያለንበት የሚያስተምራት የለም። ይህንን ሳይ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራዬን ለቀቅሁ፤ ቤቴን አስረክቤ እዚህ ካለችው የባለቤቴ እህት ዘንድ ገባሁ። ለመመዝገብ ስደውል ልጅቷ፣ ያች ጽሕፈት ቤት የምትቀመጠው፣ ቦታ አለ አለችኝ። ስለዚህኛው ነገር አልጠየቅኋትም። ተጽፎ እያየሁት ምን ብዬ ልጠይቅ?»

እቴቴ ወንድሟን አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በወደደ። ልጅ ሳለ ዕቃ ሰብሮ ሲመጣ ታየው የነበረው አስተያየት ነው።

«እ... ስሕተት ነው» አለ። «ጽሑፉን የጻፈው ሰው አይደለም። ማሽን ነው። እኔ ሙላው ስለው...»

«መምህርቷስ?»

«እሷም የለችም።»

«ለቀቀች?»

«ኧረ አልነበረችም። ፎቶዋንም የሠራው እሱ ነው።»

ሴትየዋ ስልኩን መልሳ አየችው። ዓይን ያላት፣ ጥርስ ያላት፣ የሸሚዟ አንድ ቁልፍ የተከፈተ ሰው አልነበረችም ሲባል ማን ያምናል? የሚያሾፍባት መሰላት።

ፈጣኑ የሚያውቀውን አደረገ፤ ቸኮለ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሣጥኑን አጠፋው። ገጹ አዘመመ፤ ግድም አልሰጠው። ቀጥሎ በቅርብ ያለ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት እንዲፈልግለት ያንኑ መሣሪያ ጠየቀው። መሣሪያው አላመነታም። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ አገኘ፣ አመሰገነውም፣ አድራሻውን ሰጠ፤ የእቴቴን ቤት። ስልክ ቁጥሯንም ከሥሩ ጻፈ። ሣጥኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ መሣሪያው ከገጹ ያነበበውን የራሱን ውሸት ለራሱ ምስክር አድርጎ ቁጭ አለ። ፈጣኑ ኮምፒውተሩን ጠረቀመው። ሰው ቢሆን አንገቱን አንቆ ይጠይቀው ነበር፤ ይህን ግን ምኑን ይያዘው?

«እኔ ልያዛት እንዴ?» አለች እቴቴ ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። «ከልጆቹ ጋር ትጫወት ይሆናል። ግን ሲከፋት ምን እንደሆነች በምን አውቃለሁ? ተጫውታ ብቻ ልታድግ ነው?» ሴትየዋ ቦርሳዋን ይበልጥ አቀፈች። የመጣችበት ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል።

በዚህ መሐል ልጅቷ የእናቷን ስልክ አንሥታ ወጥታ ነበር። ፈጣኑ ሲከተላት የመጀመሪያው ክፍል በር ላይ አገኛት። ስልኩን ከፍ አድርጋ የመምህርቷን ፊት ከፎቶው ጋር ታስተያያለች። አይደለችም። ወደ ሁለተኛው ሄደች። እዚያ ያሉት ወፈር ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ናቸው፤ አይደሉም። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ልጆች ብቻ ነበሩ። ልጅቷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ የጓዳውን በር ከፈተች፣ ዥዋዥዌው ጋ ሄዳ አየች። እሱም ከኋላዋ ይሄዳል። ቁሚ ቢላት አትሰማም፤ ቢይዛትስ ምን ብሎ ያስረዳታል?

በመጨረሻ ወደ እሱ ዞረች። ስልኩን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና እጇን አነሣች፤ ሁለት ጣቶቿን አጣብቃ፣ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለችው ሴት።

«ስንለማመደው ነው የሰነበትነው» አለች እናቷ ከኋላ መጥታ። «ሌላ ምልክት አታውቅም። የመጀመሪያዋ ናት። እኔ እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ይመስለኛል። ምን ማለት ነው?»

ፈጣኑ የልጅቷን ጣቶች አየ። መሣሪያው ፎቶ ሲፈጥር እጅ መሥራት ይቸግረዋል፤ ጣት ያጣብቃል፣ ይህን ሙያተኛ ሁሉ ያውቃል። ያ ምልክት በየትም አገር ምንም ማለት አልነበረም።

ልጅቷ እጇን እንዳነሣች ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀች። እሱ ሲዘገይባት ጊዜ በደንብ ያላሳየችው መስሏት፣ ጣቶቿን በሌላ እጇ አስተካክላ እንደገና አሳየችው።