ለወንድሜ ላፕቶፕ ፓወር ባንክ ስመርጥ

ታላቅ ወንድሜ ሲሞት፣ ያስተምርበት ከነበረው ቆላ አገር ከሬሳው ጋር ሁለት ነገር መጣ፤ ልብሱ ያለበት የጀርባ ቦርሳና ላፕቶፑ። ላፕቶፑን እኔ አስቀመጥሁት። ቦርሳውን ሴቶቹ ወሰዱት። በሠልስቱ ዕለት ከነልብሱ ለነፍስ አባታችን ሰጡት። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ለነፍስ አባት ይሰጣል፣ እሳቸውም ለቸገረው ይሰጣሉ። ከመስጠት በፊት ቦርሳውን ከፍቶ የሚፈትሽ አንጀት ያለው ሰው በቤታችን አልነበረም። የላፕቶፑ ቻርጀር በጎን ኪሱ ውስጥ ነበር። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ቤታችን ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። የመብራቱ ምሰሶ ከከተማው ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ወደ እኛ አልተሻገረም። ላፕቶፑ ደግሞ ባትሪው የደከመ ነው። ወንድሜ ራሱ፣ «ይኼ እኮ ከገመድ ሲነቀል ያለጊዜው ጡት እንደጣለ ጥጃ ነው፤ እግሩ አይጸናም» እያለ ይስቅበት ነበር።

ላፕቶፑ ውስጥ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀበት ፊልም አለ። ሲመረቅ ከቤታችን ማንም አልሄደም። አባታችን ቀድሞ ሞቷል፤ እኔ ፈተና ላይ ነበርሁ፤ እናቴ ደግሞ፣ «ልብሴ ለከተማ አይሆንም፣ በጓደኞቹ ፊት ልጄን አላሳፍረውም» ብላ ቀረች። ወንድሜ አልተቆጣም። «ግድ የለም እማ፣ በፊልም አሳይሻለሁ» አላት። በመጣ ቁጥር ግን ወይ ላፕቶፑ ባትሪ ያልቅበታል፣ ወይ እሷ ሥራ ላይ ናት፣ ወይ «ለፋሲካ» ይባባላሉ። እንዲህ እንዲህ ሲል ቀረ።

ሐዘን ደራሹ ጋብ ባለ ቀን እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና፣ «ያ ፊልም አለ?» አለችኝ። ከፈትሁት። ባትሪው ውስጥ ትንሽ ነገር ቀርታ ነበር። ሙዚቃ ተሰማ፤ የግቢው በር ታየ፤ ተመራቂዎቹ ተሰልፈው መግባት ጀመሩ።

«የት አለ?» አለች።

«ገና ነው እማ፣ ከኋላ ነው የሚመጣው።»

ሳይመጣ ላፕቶፑ ጠፋ። እናቴ ጥቁሩን መስታወት ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ «አርባው ሳይወጣ ልየው» አለች። «በአርባው ነፍሱ ቦታዋን ትይዛለች። ከዚያ በፊት፣ ደስ ብሎት የዋለበትን ቀን ልየው።»

ወደ ቢቸና ወስጄ መብራት ያለበት ቤት ላሳያት አልችልም። ሐዘንተኛ እናት አርባ ሳይወጣ ከተማ አትወጣም። ሰው ከየጁቤና ከጉንደ ወይን ሳይቀር ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል፤ መጥቶ እናቲቱን ቤት ካጣት ነውር ነው። ስለዚህ መብራቱ ወደ እሷ መምጣት ነበረበት። ቢቸና ያለው ፎቶ አንሺ ላፕቶፑን አገላብጦ አየና፣ «ለዚህ የሚሆን ፓወር ባንክ ያስፈልግሃል፤ የስልኩ አያነሣውም። ሞጣ ሂድ» አለኝ።

በማግስቱ ሞጣ ሄድሁ። ላፕቶፑን አልያዝሁም። መኪናው ይጨናነቃል፣ ይሰበርብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሞጣ ገበያው አጠገብ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሰው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል። ለላፕቶፕ ነው ስላቸው ሁለት ዓይነት አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። አንዱ ትልቅ ነው፤ ከጎኑ ባትሪ መብራት አለው፣ ካርቶኑ ላይ ብዙ ዜሮ ያለው ቁጥር ተጽፏል። ሁለተኛው ጠፍጣፋና ቀለል ያለ ነው። ከሁለቱም ጋር ልዩ ልዩ ጫፎች በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል።

እኔ ገበያ ለገበያ ያደግሁ ነኝ። ቅቤም ሆነ ማር፣ በግም ሆነ ዶሮ፣ መጀመሪያ በእጅ ይመዘናል። ሻጩ የፈለገውን ቢያወራ እጅ አይዋሽም ይባላል። እና ሁለቱን በሁለት እጄ ይዤ ከፍ ዝቅ አደረግኋቸው።

«ዶሮ መሰለችህ እንዴ?» አሉ ሀጂ።

«ከባዱ አይሻልም ሀጂ?»

«ለመወርወር ይሻላል።»

ዕቃ ሊገዙ የቆሙት ሳቁ። ሀጂ ግን አልሳቁም፤ «የላፕቶፕህ ስንት ቮልት ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ቻርጀሩ ላይ ተጽፏል። የታለ?»

«የለም።»

«ላፕቶፑስ?»

«ቤት ነው።»

«እንግዲያ በሬውን ቤት ትተህ ቀንበር ልትለካ መጣህ?»

አሁንም ሳቁ። እኔም መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ ፊቴ እምቢ አለኝ። ሀጂ የተላጨ ራሴን ያዩት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ሞቶብህ ነው?» አሉ።

«ወንድሜ።»

«ላፕቶፑ የሱ ነው?»

«አዎ።»

ሁለቱንም ወደ ካርቶናቸው መለሱ። «አላህ ያጽናችሁ። ብሸጥልህ ሊያቃጥልብህ ይችላል። ቮልቱን እይ፤ የሚሰካውን ጫፍና ላፕቶፑን ይዘህ ና» አሉኝ። ባዶ እጄን ተመለስሁ።

ቻርጀሩ የት እንደገባ ቤት ውስጥ ስጠያይቅ ነው የቦርሳው ነገር የወጣው። ወደ ነፍስ አባታችን ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ቦርሳው ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ነበረበት?»

«ቦርሳውንም ልብሱንም ለቅኔ ተማሪዎቹ ሰጠሁት ልጄ። ልታስመልሰው ነው የመጣኸው?»

«የለም አባ፣ ላየው ብቻ ነው።»

ለነፍስ የተሰጠ እንደማይመለስ አውቃለሁ። እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። በመቋሚያቸው ወደ ጎጆዎቹ አመለከቱኝ።

የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ናቸው። ወደዚያ ስጠጋ፣ ወንድሜ አጎንብሶ እንጨት ይሰብራል። ማለቴ አረንጓዴው ጃኬቱ ነው። ክርኑ ላይ እናቴ የጣፈችው ጥቁር ክር አለ። ቆምሁ። ሰውዬው ቀና ብሎ ዞረ፤ ሌላ ሰው ሆነ። የእኔ እኩያ ነው፤ ጢሙ ገና አልሞላም።

«ምነው? ጅብ ያየ ሰው መሰልህ» አለኝ።

«አባ ናቸው የላኩኝ። ከቦርሳው ጋር የመጣ ጥቁር ገመድ ነበር።»

«እሷን ነው? ያቻትልህ!»

የጎጆው በር ከምሰሶው ጋር በወንድሜ ቻርጀር ታስሯል። ጥቁሩ ሣጥን መሐል ላይ እንደ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«እንዲህ ያለ ገመድ አይቼ አላውቅም» አለ ተማሪው። «ልጡን ፍየል እየበላብን ተቸግረን ነበር። ይቺን ግን ፍየሏ አኝካ አኝካ ተወቻት።»

ተንበርክኬ የሣጥኑን ጀርባ አነበብሁ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ቮልት ይላል። ላፕቶፑ ላይ የሚሰካው ጫፍ ከቋጠሮው ተርፎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

«ሙሉውን ውሰደው። የወንድምህ ነው አይደል? እኔ በልጥ አስራለሁ» አለኝ።

«የለም፣ ለነፍሱ የተሰጠ ነው። ጫፏን ብቻ…»

ነገሬን ሳልጨርስ ቢላዋ አመጣ። «ለበሩም ትርፍ ናት» ብሎ ቆርጦ ሰጠኝ። እጄ ላይ ያለችውን ጫፍ ትቼ እሱን ሳየው፣ ጃኬቱን ዳበስ አደረገ። «ይሞቃል» አለኝ። እኔም «ይሞቃል» አልሁት።

ሁለተኛ ጊዜ ሞጣ ስሄድ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድሁ። ሀጂ ወዲያው አወቁኝ።

«በሬውን አመጣህ! ይቺስ ምንድን ናት?»

«ጫፉ ነው ሀጂ። ተቆርጦ ነው።»

«ቀንዱን ቆርጠህ ነዋ ያመጣኸው!»

ከላስቲኩ ጫፎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ከኔዋ ጋር አስተያዩ። የምትገጥመውን አገኙና መጀመሪያ ከባዱን ሰኩት፤ እኔ ዓይኔ እሱ ላይ ስለነበር ይመስለኛል። የላፕቶፑ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ነቅለው መልሰው ሰኩት። ብልጭ አለ፣ ጠፋ። ቀላሉን ሰኩት። ቢጫ መብራት በራ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። አልጠፋም። ላፕቶፑን ከፈትሁት፤ የወንድሜ የይለፍ ቃል የእናታችን ስም ነው፣ እሱን ጻፍሁ፣ ገባ። ሀጂ ቀላሉን ሸጡልኝ። ዕቃው ላፕቶፑን ሲያነሣው እያየሁ እንኳ እጄ ከባዱን ነበር የሚመኘው።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ፓወር ባንኩን ሰክተው ይሞሉልኝ ጀመር። ፊቱ ላይ ሲሞላ የሚበሩ አራት ነጥቦች አሉት። ሁለቱ እንደበሩ የሞጣ መብራት ድርግም አለ። ብጠብቅ አልመጣም። የቢቸናው መኪና ደግሞ ሊወጣ ጡሩንባ ይነፋል።

«በግማሹ ሂድ» አሉኝ ሀጂ። «መንገድ ላይ እያበራህ አትጫወትበት።»

በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ ደራሾች ሲሄዱ እናቴ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ብርሃን ሲበዛ ፊልሙ አይታይም። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰካሁት። ቢጫው በራ።

ተመራቂዎቹ መግባት ጀመሩ።

«ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል» አለች። «ማን ሞቶባቸው ነው?»

«የምርቃት ልብስ ነው እማ።»

«አይ የከተማ ነገር።»

ሁሉም አንድ ዓይነት ቆብ አድርገዋል። እኔ እየፈለግሁት ነበር፤ ገና ስሙ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። እናቴ ግን ጣቷን አነሣች። «ያውና።»

«የቱ?»

«ያ፣ ግራ ትከሻውን የጣለው። ልጅ ሆኖ ውኃ ያመላለሰበት ትከሻ ነው።»

እውነቷን ነው፣ እሱ ነበር። ስሙ ሲጠራ ወጣ፣ እጅ ጨበጠ፣ ወረደ። ወዲያው አለቀ። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች።

ከዚያ ሜዳው ላይ ቤተሰብ ከየልጁ ጋር የሚገናኝበት መጣ። ወንድሜ ከአንድ ጓደኛው አጠገብ ቆሟል፤ ዙሪያውን ያያል። አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ ጓደኛውን አቀፈችው። የገጠር ሴት ናት። አረንጓዴ ቀሚስ፣ ወገቧ ላይ መቀነት፣ ትከሻዋ ላይ የታጠበ ነጠላ። ልጇን ስትለቅ ወንድሜን አየችው። አንገቱን ሳብ አድርጋ እሱንም አቀፈችው። ከልጇ አንገት አንዱን የአበባ ጉንጉን አውልቃ ለሱ አጠለቀችለት።

«ይቺ ማን ናት?»

«የጓደኛው እናት ትመስለኛለች።»

«ወደ ኋላ መልስልኝ።»

መለስሁላት። ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። የምታየው የሴቲቱን ፊት አይደለም፤ እግሯን ነው።

«ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገችው።»

«አዎ።»

«በዚህ ቀሚስ ነው የመጣችው።»

«አዎ እማ።»

«ማንም አልሳቀባትም።»

ከነጥቦቹ አንዱ ጠፍቷል፤ የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ሳያልቅ ስሙ ወደተጠራበት ልመልሰው ወይ አልኋት።

«የለም» አለች። «እሷ ያቀፈችው ላይ አድርግልኝ።»

እየመለስሁ እየመለስሁ አሳየኋት። ሴቲቱ ትሮጣለች፣ ልጇን ታቅፋለች፣ ወንድሜን ታቅፋለች። እየሮጠች ሳለ ጠፋ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ተነሥታ በሩን ከፈተችው። ደጅ ላይ ያሰጣችውን ብቅል በእጇ ገለባበጠች፤ የአርባው ጠላ ሊጠመቅበት ነው። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ነገ ቢቸና ወስደህ አስሞላው» አለች። «ለአርባው ዘመዶቹ ይዩት።»

«እሺ።»

«ያቀፈችው ሴት ማን ናት ብለው ይጠይቁሃል።»

«ምን ልበላቸው?»

ብቅሉን መገልበጥ አላቋረጠችም።

«እናት ናት በላቸው» አለች።

በማግስቱ ቢቸና ሄድሁ። መብራት ነበር። ፎቶ አንሺው ዘንድ ሰክቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ አራቱም ነጥቦች እስኪበሩ አልተነሣሁም።