ዳልቻ፣ ለጌታህ ንገርልኝ

ያን ጠዋት ከጎረቤቴ ከተክሌ ጋር የበልግ ገብስ እየዘራን ነበር... ሳንነጋገር። ከተኮራረፍን ወር አልፎናል።

በታኅሣሡ ግርግር ጃንሆይን ከዙፋን ሊያወርዱ የተነሡት ሰዎች ሳይሆንላቸው ቀርቶ ነበር። ወሬው መሐል ሜዳ ገበያ ሲደርስ ተክሌ «ወንዶች ናቸው፣ እውነት ተናገሩ!» አለ። እኔ ደግሞ በጃንሆይ የመጣ በዓይኔ መጣ። «ዝጋ፣ አንተ ከሃዲ!» አልኩት። በቃ፣ ሰላምታም ቀረ።

ግን ምን ዋጋ አለው... እሱም አንድ በሬ፣ እኔም አንድ በሬ። የእኔን ዳልቻና የእሱን ቦራ ካላቀናጀን የሁለታችንም ማሳ ጦም ማደሩ ነው። ስለዚህ እኔ እየዘራሁ እሱ ያርሳል፤ የምንነጋገረው በበሬዎቹ በኩል ነው።

«ዳልቻ! ጌታህን ዘሩ ሳስቷልና ጨምር በልልኝ!» ይላል ተክሌ።

«ቦራ! ጌታህን ትልምህን አቅና በልልኝ!» እላለሁ እኔ።

ያን ጠዋት ታዲያ ተክሌ ነገር አምሮት ጮኸ፤ «ዳልቻ! ጃንሆይ አርጅተዋል፣ ይብቃቸው ብለህ ንገርልኝ!»

ዞር ስል የመንደራችን ጭቃ ሹም ማሳው ዳር ቆመዋል። ክው አልኩ! በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ቃል ወህኒ ያስወርዳል። የተክሌ ሚስት ደግሞ ገና አራስ ናት።

«ጃንሆይን ምን አለ?» አሉ።

«ኧረ ጌታዬ፣ በሬው እምቢ ቢለው ‹ጃንሆይ ይሙት፣ ዛሬ እገርፍሃለሁ!› እያለ ነው» አልኩ።

አዩኝ... አዩኝ... «እስቲ አንተ ማልልኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ! በዘመኑ በንጉሥ ስም ከተማለ ነገሩ አበቃ። እኔ ደግሞ በምወዳቸው ጃንሆይ በሐሰት ምዬ አላውቅም። «ጃንሆይ ይሙት፣ ሌላ ቃል አልወጣውም!» አልኩ።

እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ተክሌ እርፉን ለቆ ወደ በሬዬ ዞረ። «ዳልቻ... ጌታህን እግዜር ይስጥህ በልልኝ» አለ።

«ቦራ፣ ጌታህን ምላስህን ሰብስብ በልል...» ብዬ ሳልጨርስ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ፣ አንጀቴን በላው።

ለነፍስ አባቴ ብናዘዝ ለሐሰት መሐላዬ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ልጀምር ስል ተክሌ ጋቢውን አደግድጎ አጠገቤ ቆሟል። «ግማሹ የእኔ ነው» ብሎ አብሮኝ ሰገደ።

ሃያኛዋን ሲጨርስ ጉልበቱን እያሸ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አሁንም ግን ይብቃቸው!»

ነፍሱን ይማርና፣ እስኪሞት ድረስ በዚህ ነገር አልተስማማንም... ዛሬ ግን የሚያናድደኝ ሰው ናፈቀኝ።