በሁዳዴ ያልጾመው ትል

እናቴ የቄስ ሚስት ናት፤ እኔ ዝንብ አጠናለሁ። አንድ ጣሪያ ሥር መኖራችን ራሱ ተአምር ነው።

ዝንቡ የረግረግ ዝንብ ነው፤ ጠዳ በምትባለው መንደራችን፣ ከቤታችን በታች ካለው ጨፌ አይጠፋም። ትል ሳለ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ምስር የምታህል፣ ሁለት ክዳን ያላት ዛጎል ፈልጎ ይገባና ውስጧ ያለችውን ነፍስ ይበላታል። ከጨረሳት ወደ ሌላዋ። ትሉን ብቻ አይቶ ግን የየትኛው ዝንብ ዘር እንደሆነ አይታወቅም፤ አሳድጎ ክንፉን ማየት ግድ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ በዚያ ክንፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ያሳደግኋቸው ደግሞ ተራ በተራ ሞቱብኝና አንድ ብቻ ቀረ። «ይሄም ከሞተ ትምህርቱን እተወዋለሁ!» ብዬ ቤት ውስጥ ጮህሁ። የምሬን ነበር።

ያን አንዱን በማርማላታ ጠርሙስ አድርጌ መስኮቱ ሥር አኖርሁት። ሁዳዴ ገባ። እናቴ ጠርሙሱን አጎንብሳ አየችው።

«ምንድን ነው የምትሰጭው?»

«ዛጎል።»

«ነፍስ ያላት?»

«አዎ፣ ግን...»

«በሁዳዴ! በቄስ ቤት! ምነው፣ ምን በደልሁሽ?»

አባቴ ከዳዊታቸው ቀና ብለው፣ «ኧረ ተይ፣ እንስሳ ጾም የለበትም» አሉ።

«በነነዌ ከብቱም ጾሟል!» አለቻቸው።

አባቴ ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ጠርሙሱም ማገዶ ወደምናኖርበት እንጨት ቤት ተሰደደ።

ሕማማት ሊገባ ሲል ታይፎይድ ጣለኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። ትሉ ትኩስ ዛጎል ካላገኘ እንደሚሞት አውቃለሁ፤ ማንን ልላክ? እናቴን? በሰሙነ ሕማማት? ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስሁ። እሷ ትኩሳቱ መስሏት ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ታብሰኛለች። እንዲያ የመሰላት መስሎኝ ነበር።

በቅዳሜ ሹር እግሬ ሲጠና ጠርሙሱን ልደፋ እንጨት ቤት ገባሁ። ውሃው ንጹሕ ነው። ባዶ ዛጎሎች ከታች ተከምረዋል። ትሌ ጠንካራ ቡናማ ልብስ ለብሶ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል፤ ዝንብ ለመሆን ተኝቷል። ወይ ጉድ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እናቴ ከበሩ ቆማለች፤ ጫማዋ ላይ የጨፌው ጭቃ ደርቋል።

«ምን ላድርግ?» አለች ሳልጠይቃት። «አንቺ እያለቀስሽ፣ እሱ እየተራበ! ከስግደት በፊት እየወረድሁ ለቀምሁለት። እግዜር ይይልኝ።»

አንገቷ ላይ ተጠመጠምሁ።

የፋሲካ ሰሞን ዝንቡ ወጣ፤ ክንፉ ሸጋ ነው፣ ነጠብጣብ ያለበት። እናቴ ከድስቱ ቁራጭ ሥጋ ይዛ መጣች።

«አሁንማ ተፈስኳል፣ ይብላ።»

«ክንፍ ካወጣ ሥጋ አይበላም እማዬ። ማር ነው የሚልሰው።»

«እኛ ስንፈስክ እሱ ሊጾም? ምን ያለው እልኸኛ ነው!» እየሳቀች ማር ጠብ አደረገችለት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው» አለችኝ።

«ምን አሉሽ?»

«ስቀው ስቀው ሲያበቁ ስግደት አዘዙብኝ። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው የምሰግደው።» ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። «ግማሹ ያንቺ ነው። ትምህርቱን ከተውሽ ግን ሁሉንም ትሰግጃታለሽ!»