አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ቁጥር

ቆንጂት ቤይሩት አጠገብ ዛልቃ ካለው፣ በቤት ሠራተኝነት ከተቀጠረችበት የማዳሟ ቤት ጠፍታ ከወጣች ሦስት ዓመት አልፏታል። የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ ምላስ ግን ሞልቷታል። ዶራ በሚባል ሰፈር ከአራት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ሲን ኤል ፊል በሚገኝ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 1996 ነው። ቤይሩት እንደገና እየተገነባች ስለሆነ፣ ለሕንጻ የሚመጣው ድንጋይ ስንጥቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም እዚያ ይለካል። ቆንጂት ናሙናዎቹን ታጥባለች።

የወረቀት ምልክት ውኃ ሲነካው ስለሚለቅ፣ ከአንድ ድንጋይ በወጣ ናሙና ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት የግዕዝ ቁጥር በሚስማር ትጭራለች። ማንም አላዘዛትም።

አንድ ማክሰኞ አዲሱ መሐንዲስ ኢስማኤል የውጤት ወረቀት እያራገበ መጣ። ፫ ከተጫረባቸው ናሙናዎች ረዣዥሞቹ በትሮች ወገባቸውን ተጭነው ሲሰበሩ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥተዋል። መሃላቸው ተሰንጥቆ ከላይና ከታች የተጨመቁት ጠፍጣፋ ክቦች ግን በሲሶ አንሰዋል።

«አንድ ድንጋይ ሁለት ቁጥር የለውም! ያኒ፣ ማለቴ ናሙናዎቹን አቀላቅለሻል» አለ፣ በጸሐፊዋ በሲሀምና በድንጋይ ቆራጮቹ ፊት። «ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ እንዳትመጪ።»

የቆንጂት ደም ፈላ። ከዚህ ከተባረረች የሚቀራት የማዳሟ በር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ዳግም አታንኳኳም።

«እመጣለሁ» አለች።

ናሙናዎቹ የወጡበትን ትልቅ ድንጋይ እየገፋች አመጣችና ስባሪዎቹን ገጣጥማ ወደየተቆረጡበት ቦታ መለሰቻቸው። የድንጋዩ ቀይ መስመር ከበትሩ ወደ ክቡ ሳይዛነፍ አለፈ።

«እንግዲያው ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ ኢስማኤል።

«ማሽኑንም አትማው። ያላ፣ ከዚሁ ድንጋይ ራስህ ቁረጥ፣ ራስህ እጠብ። እኔ እጄን አላስገባም።»

በማግስቱ በሰዓቷ መጥታ፣ ኢስማኤል ሲቆርጥና ሲያጥብ እጇን አጣጥፋ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ወጣ፤ ክቡ አሁንም በሲሶ አነሰ።

«ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?» አለ ኢስማኤል።

«ሁለቱም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስባሪያቸውን አጥቤያለሁ። አንዱን ታጎብጠዋለህ፣ ሌላውን ትጨምቀዋለህ፤ ቅርጻቸውም አሰባበራቸውም ለየቅል ነው። ቁጥሩን ጽፈህ እንዴት እንደሰበርከው ስትደብቅ ነው ውሸት የሚሆነው።»

ኢስማኤል የናሙናውን ቅርጽና የአሰባበሩን ዘዴ ከየቁጥሩ አጠገብ ጻፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፓርዶን፣ ቆንጂት» አለ።

«ፓርዶን የሰው እግር ሲረግጡ ነው። ያዋረድከኝ በእነሱ ፊት ነው፤ በእነሱ ፊት ተሳስቻለሁ በል።»

ሲሀም መጻፏን ተወች። ቆራጮቹም መጋዙን አጠፉት።

«ተሳስቻለሁ» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ።

ቆንጂት እጅጌዋን ሰብስባ ቧንቧውን ከፈተች።