ላብ ይሉታል ዐረቦች

አጎቴ ቡሬ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው። በአንድ ድግስ ማግስት የጎረቤት ባቄላ ውስጥ ተጋድሞ ስለተገኘ፣ የንስሐ አባቱ ዐረቄ እንዳይቀምስ ገዘቱት። እሱም ግዝቱን አክብሮ ከረመ።

ነገሩን ያበላሸችው ከዐረብ አገር የተመለሰች ጎረቤታችን ናት። ማኅበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ “ዐረቄ እኮ ቃሉ የዐረቦች ነው፤ እነሱ ዘንድ ዐረቅ ማለት ላብ ነው” አለች። ሁላችንም ሳቅን። አጎቴ ብቻ አልሳቀም።

በገበያው ቀን ቡሬ ወጥቶ አንድ ዐረቄ ቤት ገባ።

“አንድ መለኪያ ላብ ቅጂልኝ” አላት ባለቤቲቱን።

“ምን አሉ አያ?”

“ላብ። የተገዘትሁት ከዐረቄ ነው፤ ላብ ማንም አልከለከለኝም።”

በጣቱ ጠርሙሱን ሲያሳያት ገባትና ቀዳችለት። ደገመ፣ ሠለሰ። ሞቅ ሲለው፣ “የዚች ሴት ላብ እንዴት ይጥማል” እያለ በሩ ላይ ቆሞ ያወራ ጀመር። ገበያው ሳይበተን፣ ሴትዮዋ ላቧን ዐረቄ ውስጥ ትጨምራለች የሚል ወሬ አገሩን አዳረሰው። ደንበኛ ድርሽ አልል አላት። ተናዳ አጎቴን ለሽማግሌ ከሰሰችው።

እኔ ፍኖተ ሰላም አማርኛ አስተምራለሁና የቃል ነገር ያውቃል ተብዬ ተጠራሁ። ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ያሉት የአጎቴ የንስሐ አባት ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ጉዳዩን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

“ዐረቅ ማለት ላብ መሆኑ እውነት ነው ወይ ልጄ?” አሉኝ።

“እውነት ነው አባ። ዐረቄ ሲወጣ ጠብ ጠብ የሚለው ላብ ስለሚመስል ነው ይባላል።”

“እንግዲያው እንየው።”

ሽማግሌው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ሴትዮዋ ጓሮ ሄደ። ማሰሮው እሳት ላይ ተጥዷል፤ ከእሱ በተዘረጋው መቃ ጫፍ ጠብታ ይወርዳል። አባ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ።

“መቃው አልቦታል” አሉ በመጨረሻ።

ሴትዮዋ ከሐሜቱ ነጻ ወጣች። አጎቴም የተፈረደለት መስሎት ሊሄድ ሲል አባ አስቆሙት።

“ዐረቄና ላብ አንድ ከሆኑ ግዝቱም አንድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንዳያልብህ።”

“እንዴት ሆኖ አባቴ?”

“አንተው ነህ ያመጣኸው።”

አጎቴ በግዝት አይቀልድም። በማግስቱ እርሻ ቀረ። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጥላው ሲዞር አብሮ ይዞራል። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ ቃሪያ እርም አለ። በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ሲያመነዥኩ ይውላሉ። ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ የጎረቤት ማሳ ሁሉ ታርሶ የእነሱ ብቻ ጦሙን ሲቀር ግን ነጠላዋን አጣፍታ አባ ዘንድ ሄደች።

“አባቴ፣ ላቡን ይፍቱልኝ። ዘር ሊያልፍብን ነው።”

“ዐረቄውንስ?”

“እሱን ያጥብቁልኝ።”

እንዳለችው አደረጉ። አጎቴ በዚያው ቀን ቀንበሩን ተሸክሞ ወጣ። ልጠይቀው ስሄድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ግንባሩን እየጠረገ በሬዎቹን ይነዳል፤ ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ዐረቄ ቤቷም ተመልሳ ሞቀች። ሽማግሌዎቹ ጠብታውን ሊመረምሩ የሄዱ ዕለት አንዳንድ መለኪያ ቀምሰው ስለነበር፣ ያንን ክፉ ወሬ በየደረሱበት ያጠፉላት እነሱው ናቸው።