ያልተሞላው ዕድሜ

ዓርብ፣ ጥር 14 ቀን። በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ በሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ የቀረው መሸኛ ደብዳቤ ሁሉ ነገሩ የተሟላ ነው፤ የሰውየው ዕድሜ ብቻ አልተሞላም። ዳኛው፣ «ይህ ሰው የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፤ መታሰሩ ቀርቶ ዛሬውኑ ወጥቶ ከቤቱ እየተመላለሰ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይታከም» ብለው አዘዋል።

ሰውየው ከፖሊሱ ጋር መስኮቱ ፊት ቆሟል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። የጫማውን ክር እስር ቤት ስለወሰዱበት እግሩን እየጎተተ ይራመዳል። የተያዘው መንገድ መሀል ገብቶ፣ «ተማሪዎቹ ይሻገሩ!» እያለ መኪና ሲያስቆም ነው።

«እኔ ልንገርሽ የኔ እመቤት፣ አርባ አንድ ዓመቱ ነው» አለች እህቱ።

«በቃል አይሆንም፤ ዕድሜው ሳይሞላ ደብዳቤው አይወጣም። ሰኞ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ» አለች ሠራተኛዋ።

«ተያት፣ እታለም» አለ እሱ። «ዕድሜዬን እኔም ስፈልገው ነው የከረምኩት።» ፖሊሱ ሳቀ።

እሑድ ጠዋት በእስር ቤቱ ሞቶ ተገኘ።

ባልደረቦቿ፣ «አሠራሩን ነው የጠበቅሽው» ይሏታል። እሷ ግን «ዛሬውኑ» የሚለውን ቃል አንብባዋለች፤ አንብባ ነው ሰውየውን የመለሰችው። አሁን ብትቆጭ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ያን ዓርብ ወደ እስር ቤት ከመወሰዱ በፊት አንድ ጉዳይ ጨርሷል። ወረፋ ያደከማቸውን አሮጊት፣ «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ብሎ፣ ፖሊሱን አስፈቅዶ ወረቀታቸውን ይዞ ተሰለፈ። ሠራተኛዋ ማኅተም አደረገችበት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያለ ወስዶ ሰጣቸው።